የድጋፍ ስብሰባ

ሰውን በንግግር ብቻ የሚደግፍ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ገጥሞኛል። የሻይ አምራቾች ማህበራችን ሊቀመንበር ነበር። ድምፅ ማጉያው እስኪሰነጠቅ ይደግፈናል። ክፋቱ፣ ሁልጊዜ የሚሰበስበን በለቀማ ቀን ነው። የተለቀመ ሻይ ደግሞ በዕለቱ ፋብሪካ ካልገባ ይበላሻል። ይህን እሱም ያውቃል፤ ግን አብዮት ለቅጠል ብሎ ንግግር ያሳጥራል እንዴ?

አንድ ቀን «ማህበሩ ከጎናችሁ ነው» ሲለን ዋለ። አጨበጨብን፤ ጥሎ የወጣ ፀረ አብዮት ይባላላ። ከአምራቾቹ አንዷ፣ በዕድሜ እናታችን የምትሆነው አዴ ጫልቱ፣ ቅጠል የሞላ ቅርጫቷን ታቅፋ ተቀምጣለች። ይኸው ማህበር አንድያ ልጇን ለውትድርና መልምሎ ልኮባት ወሬው ጠፍቷል። ስንወጣ ቅጠሉ ጠቁሯል፤ የፋብሪካውም መኪና ሄዷል።

በሳምንቱ፣ ቅጠሉ ለምን እንደተበላሸ እንድንወያይ ተጠራን፤ ያውም በለቀማ ቀን። አዴ ጫልቱ ባዶ እጇን መጣች።

«አዴ ጫልቱ፣ ቅርጫትሽስ?» አላት ሊቀመንበሩ።

«ዛሬ አልለቀምኩም፣ ጓድ። ቅጠሉን እናቱ ላይ ተውኩት። እዚያው ቢያረጅ ይሻለዋል።»

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «ማህበሩ ከጎናችሁ ነው» አለ። ያን ቀን ያጨበጨበለት የለም።