ጳጉሜን ፍተሻ ላይ ተያዘች

ትናንት በሕልሜ ያየሁትን ጠላቴም አይየው። የሲስተር አስናቀች ክሊኒክ በር ላይ ቆሜአለሁ። የዚህን ክሊኒክ ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር የሚያሳየውን፣ ድረ ገጹ ላይ የሚጨመረውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ፕለጊኑንም እንዲሁ። በሕልሜ ግን ፕለጊኑ ፋይል መሆኑን ትቶ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ሆነው አጠገቤ ቆመዋል። ከኋላችን እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይጠብቃሉ። ሽማግሌው ካልገቡ የማን ልጅ መቼ እንደሚከተብ የሚያውቅ የለም።

ግቢው ውስጥ ሐኪሞቹ ተሰልፈው በሽተኞቹ ይመረምሯቸዋል። በሩ ላይ የሚፈትሸው ደግሞ ኮፍያ የደፋ ጅብ ነው።

«አባት፣ ምን ይዘዋል?» አላቸው።

«ወሮች።»

«ስንት?»

«አሥራ ሦስት።»

የያዘው መፈተሻ ጮኸ።

«ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው። ትርፏን ከየት አመጧት?»

«ከአያት ከቅድመ አያቴ» አሉ ሽማግሌው። መልሳቸውን ሳይጨርሱ ጅቡ ጋቢያቸውን ገፈፋቸው።

ደሜ ፈላ። «ጳጉሜን እኮ ናት። አገር ሁሉ ያውቃታል» አልኩት።

«አገር ሁሉ ካወቃትማ ተሰራጭታለች ማለት ነዋ።»

በዚህ መሃል ፊቱን የሸፈነ ሰውዬ የሰው ቴሌቪዥን ተሸክሞ መጣ። ጅቡ ብድግ ብሎ በሩን ከፈተለት። ሰውዬው ሲያልፍ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ዘንድሮስ ጥበቃው አስተማማኝ ነው» አለኝ። በጥፊ ልለው እጄን ሳነሳ ራሴን ችሎት ውስጥ አገኘሁት።

ዳኛዋ ፍየል ናት፤ መዝገቡን እየበላች ትሰማለች። «ለሽማግሌው ንጽህና የሚመሰክር አለ?» አለች። እናቶቹ በሙሉ እጃቸውን አወጡ።

«እንግዲያው ሁላችሁም ነክታችኋቸዋል። እናንተም ትመረመራላችሁ። እሳቸው ለይቶ ማቆያ ይግቡ።»

ሽማግሌውን ኮንቴይነር ውስጥ ከተው ቆለፉባቸው። «የዘቢባ ልጅ ቀጠሮ ጳጉሜን ሦስት ነው፣ ንገሩልኝ» እያሉ ከውስጥ ይጮኻሉ። ዘቢባ ልጇን አዝላ አጠገቤ ቆማለች፤ የሚሉትን እኔ ብቻ ነኝ የምሰማው። ልነግራት አፌን ብከፍት ድምፅ የለኝም። እንዲህ ያለ ንዴት በውኔም አይቼ አላውቅ። ሄጄ የጅቡን ጉሮሮ አነቅሁት።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አለኝ ተረጋግቶ።

«የሠራኋቸው እኔ ነኝ።»

«በል፣ ዋናው ተገኘ» ብሎ ወደ ፍየሏ ጎተተኝ። ያን ጊዜ ነቃሁ።

ስልኬ ይጮኻል። ሲስተር አስናቀች ናቸው።

«ምህረተአብ፣ የድረ ገጹ የጥበቃ ፕሮግራም ፋይልህን አጠፋብኝ እኮ። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚል አጠራጣሪ ነገር አገኘሁ ነው የሚለው። እናቶቹ በር ላይ ናቸው፤ ምን ልበላቸው?»

«ሲስተር፣ ቫይረስ አይደለም እኮ። ጳጉሜን ናት።»

«እኔማ መች አጣሁት፤ ለእሱ ንገርልኝ እንጂ።»

ከአልጋዬ ሳልወርድ ድረ ገጹን ከፈትኩት። ቀጠሮው በነበረበት ቦታ፣ ማን እንዳስገባው የማይታወቅ የቁማር ማስታወቂያ ይሽከረከራል። ከሥሩ የጥበቃ ፕሮግራሙ በአረንጓዴ ቀለም «ይህ ገጽ ተፈትሿል። ምንም ስጋት አልተገኘበትም» ይላል።