እሳቸው አይቀመጡም

በሽታም እንደ ሰው ማዕረግ አለው። ስኳርና ደም ግፊት የተከበሩ ናቸው፤ ሰርግ ቤት "እኔ ጨው አልነካም" ያለ ሰው ወዲያው ለብቻው ይሠራለታል። ጨጓራ የሕዝብ ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ ጨጓራ የሌለው ሰው ቢገኝ ሄደን አብረነው ፎቶ እንነሳ ነበር። ወገብ የታታሪ ሰው ምስክር ወረቀት ነው። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ብጉንጅን ከቁም ነገር የቆጠረው ማን ነው? ያውም እኔ ላይ በወጣበት ቦታ የወጣን ብጉንጅ?

ቦታውን በስሙ አልጠራም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ሰው ሲቀመጥ ከወንበሩ ጋር የሚገናኝበት ነው ብል ይበቃል። በግራ በኩል።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ፒያሳ፣ አንድ በረንዳ ላይ፣ የእግር ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እኖራለሁ። ልብስ ሰፊ ደግሞ ተቀምጦ የሚበላ ሰው ነው፤ በክፉ አትዩት፣ እውነቱ ይኼው ነው። ሁለት ቀን ቆሜ ለመስፋት ሞከርኩ። በአንድ እግሬ ቆሜ በሌላው ፔዳሉን እየረገጥኩ የሰፋሁት ሱሪ አንዱ እግሩ ወደ ሐይቁ፣ ሌላው ወደ ገበያ የሚሄድ ሆኖ ወጣ። መታከም ግድ ሆነ።

ባለቤቴ አስቴር የጤና መድህን ደብተራችንን ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስናሳድሰው አንድም ቀን አልታከምንበትም፤ ጤነኛ በመሆናችን ትንሽ ቅር ይላት ነበር። ስለ ብጉንጁ ስነግራት አዘነች ማለት አልችልም። ደብተሩን ልታመጣ ሮጠች።

ችግሩ ደብተሩ የሚሠራው በቀበሌያችን ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ደግሞ ሰልፉን የሚይዘው ማነው? እድሬ! ከፊት የመዘምራን መሪያችን፣ ከኋላ ቁልፍና ዚፕ የምገዛቸው ሐጂ፣ መሀል ላይ የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ ላሊሞ። ለጋሽ ላሊሞ አንድ ነገር ሹክ ማለት ጥሩንባ እንደማስነፋት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ፣ አፈርኩም። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው በብጉንጁ ስም ሲጠራ መኖር አልፈለገም። ስለዚህ ደብተሬን የሚቀበል፣ ግን እኔን የማያውቅ ሐኪም ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ እዚያው ፒያሳ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ካርድ የምታወጣው ልጅ ደብተሩን እንደ ሐሰተኛ ብር አገላብጣ አየችውና እዚህ አይሠራም አለችኝ። ቀጥዬ በከተማዋ ሌላ ጫፍ ወዳለ ጤና ጣቢያ በባጃጅ ሄድኩ። በአንድ ጎን ብቻ ተቀምጦ ኮብልስቶን ላይ በባጃጅ መሄድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ አይወቀው። እዚያም ደብተሩን አዩና በትሕትና የእርስዎ ጤና ጣቢያ ይኼ አይደለም አሉኝ። ሆስፒታል ሄድኩ። ሪፈር ያምጡ ተባልኩ። ከየት? ከጤና ጣቢያዎ።

በዚህ መሀል አንድ ደንበኛዬ አሞራ ገደል አጠገብ ጎበዝ ሐኪም እንዳለ፣ ደብተርም ሳይቀበል እንደማይቀር ነገረኝ። አፈላልጌ አገኘሁት። ጎበዝነቱ እውነት ነው፤ ግን የከብት ሐኪም ነበር። ደብተሩን እንደማይቀበል፣ በሬ ብሆን ኖሮ ግን በአምስት ደቂቃ ይገላግለኝ እንደነበር በአክብሮት ነገረኝ። ከልቤ አመስግኜው ወጣሁ። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ይባል የለ? በማግስቱ ጠዋት ራሴን ቀበሌያችን ጤና ጣቢያ በር ላይ አገኘሁት።

የተራ መጠበቂያው አዳራሽ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ያልኳችሁ ሰዎች በሙሉ ተደርድረዋል። ገና ስገባ ጣቱን በፋሻ የጠቀለለ አንድ ወጣት ባጃጅ ነጂ ብድግ ብሎ "ኖር ጋሼ፣ ይቀመጡ" አለኝ።

በእግዜር ብዬ፣ ደህና ነኝ፣ አንተው ተቀመጥ አልኩት። እንዴት ተደርጎ! እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ? አለና ቆሞ ቀረ። ይኼን ያየች አጠገቡ የነበረች እናት ልጇን ታቅፋ ተነሳች። እሷን ለማስቀመጥ እየለመንኩ ሳለ ሐጂ ተነሱ። ሐጂ ተነስተው ማን ይቀመጣል? የመዘምራን መሪው ተነሳ። በመጨረሻ ጋሽ ላሊሞም እያጉረመረሙ ተነሱ። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ሁሉ ሕመምተኛ ግድግዳ ተደግፎ ባዶ አግዳሚ ወንበር ይመለከታል። በኋላ የገቡ አንድ ሽማግሌ ጸሎት ላይ ያለን መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከካርድ ክፍሉ አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ አየን። ሰው ሁሉ ቆሟል፣ መሀል ላይ ኮት የለበስኩ እኔ አለሁ። ከክፍለ ከተማ የመጣሁ ተቆጣጣሪ ሳልመስለው አልቀረሁም። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ካርዶቹ በአንድ ጊዜ ተገኙ፣ ቤተ ሙከራው ተከፈተ፣ ስም በስም ላይ ይጠራ ጀመር።

ጋሽ ላሊሞ ግን ጠጋ ብለው ምን አግኝቶኝ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ጨጓራ አልኳቸው። ይኼን ጊዜ አዳራሹ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ተልባ አለ፣ አንዷ አብሽ በባዶ ሆድ አለች፣ ሐጂ ቡናውን ተወው አሉኝ። ለእያንዳንዱ አንገቴን እየነቀነቅኩ አመሰገንኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት ውሸት ነው፤ እኔ ደብቄ ስድስት ዓይነት መድኃኒት አገኘሁ።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ይቀመጡ አለችኝ። ቆሜ ይሻለኛል ልጄ፣ አልኳት። የት እንደሚያመኝ ስትጠይቀኝ አፌ ለምዶበት ጨጓራ አለ። ሆዴን ጫን ጫን አድርጋ አየችና እስቲ እዚህ ቁጭ ይበሉ ብላ አልጋውን አሳየችኝ። አልጋውን አየሁት። እሷን አየኋት። ቆሜ ቀረሁ።

"ጋሼ፣ ሆድዎን አይደለም አይደል?" አለች ቀስ ብላ።

አይደለም አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ልጅቷ እግዜር ይስጣት፣ አንዴም ፈገግ አላለችም። በሩን ቆለፈች፣ አደነዘዘችው፣ እንዳለው የከብት ሐኪሙ በአምስት ደቂቃ ገላገለችኝ። ምስጢሬም እዚያው ክፍል ቀረ። በአምስተኛው ቀን ቁስሉን እንዳሳያት ቀጠረችኝ፤ ደብተሩም ተፈረመበት። አስቴር ፊርማውን ስታይ ደስታዋ ሌላ ነበር።

ጥሩንባው ግን ሳይነፋ አልቀረም፤ የነፋው ሌላ ዜማ ነው እንጂ። ጋሽ ላሊሞ ለእድሩ፣ የመዘምራን መሪው ለቤተ ክርስቲያኑ አወሩ። ማቴዎስ፣ እኔ ማለት ነው፣ እናቶችና ሽማግሌዎች እያሉ እኔ አልቀመጥም ብሎ ጨጓራው እየላጠው ቆሞ ዋለ ተባለ። እሑድ መጋቢያችን ስለ ትሕትና ሲሰብክ ስሜን ጠርቶ አስጨበጨበልኝ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንገቴን ደፋሁ። ሲደፉት የበለጠ ትሑት ያስመስላል።

በአምስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ድኛለሁ። መቀመጥ እችላለሁ፤ እንዲያውም ከመቀመጥ ሌላ ምኞት አልነበረኝም። አዳራሹ ስገባ ግን ማንም ብድግ አላለም። ፋሻውን ሊያስቀይር የመጣው ያው ባጃጅ ነጂ ሊነሳ ሲል አጠገቡ ያለችው ሴት ክንዱን ያዘችው።

"ተው አታስቸግራቸው፣ እሳቸው አይቀመጡም" አለችው። አጠገቧ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ ነበር፤ ዘንቢሏን አኖረችበት።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ልበል? ያን ቀን የቆምኩት ለትሕትና ሳይሆን ለሌላ ነው ልበል? ተጨብጭቦልኛል እኮ! ሄጄ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ላሊሞ ቀስ እያሉ ገቡ። ወጣቱ ብድግ ብሎ ኖር አላቸው። ጋሽ ላሊሞ እጃቸውን አነሱና አዳራሹ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ "ማቴዎስ ቆሞ እኔ አልቀመጥም" አሉ። ሰው ሁሉ በአድናቆት አንገቱን ነቀነቀ። አንዲት እናት እንባዋን ስትጠርግ አይቻለሁ።

መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ምን አገኘዎት አልኳቸው። ጨጓራ አሉኝ። ግን እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱሪ ሰው ላይ እንዴት እንደሚወርድ አውቃለሁ። ጋሽ ላሊሞ የሱሪያቸውን የኋላ ጨርቅ በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው ከገላቸው አርቀው ይዘዋል። ጠጋ አልኩና በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው።

"ግራ ነው ቀኝ?"

ዙሪያቸውን ቃኙ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

"ሁለቱም" አሉኝ።