ሊቀ ዋሻ አድማሴ

ማንም ሳይሾመው የሚሾም ሰው በየሠፈሩ አለ። ለቅሶ ቤት አግዳሚ ወንበር የሚደለድለው፣ ታክሲ ውስጥ ሾፌሩን «በዚያ በኩል ይሻልሃል» የሚለው፣ የሰው አጥር ሲሠራ ቆሞ «ጠመመ» የሚለው እሱ ነው። ለእኛ ለጎንደሮች ግን የባሰው ደረሰን። የኛው ራሱን የሾመው በዋሻ ላይ ነው።

ጋሽ አድማሴ ሠላሳ ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ በአጉሊ መነጽር የሰው ደም ሲቆጥሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ ቆጠራው አይደለም። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ የሌሊት ወፎች የሚኖሩበት ዋሻ አገኙና ስድስት የከተማ ሰዎችን «በጎ ፈቃደኛ» ብለው መዘገቡ። ፈቃዳችንን የጠየቀን የለም። ነርሷ የትነበርሽ «ሰላም ልላቸው ቆሜ ፈርሜ ተመለስኩ» ትላለች።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ በሚኒባስ እንወጣለን። ቆሻሻ እንለቅማለን፣ የዋሻውን ሙቀት እንመዘግባለን፣ አመሻሽ ላይ ወፎቹ ሲወጡ እንቆጥራለን። አራት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ሊቀ ዋሻ (ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ እሳቸውም አልተቃወሙም) መግቢያው ላይ ቆመው ይፈትሹናል። ሽቶ የተቀባ አይገባም። ያስነጠሰ ይወጣል። እኔ ስልኬ ጮኾብኝ ሁለት ወር ታግጃለሁ።

«አራስ ቤት ነው!» ይላሉ በሹክሹክታ። «አንድ ጊዜ ከሸሹ አይመለሱም!»

ነገር የተበላሸው በጫማ ነው። የውጭ ጭቃ ይዘን እንዳንገባ መግቢያው ላይ እንድናወልቅ አዘዙ፤ አወለቅን። የዋሻው ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለሆነ አጎንብሰን ነው የምንገባው። ከውስጥ ደግሞ ውሃ ይንጠባጠባል። ከገበያ የሚመለስ ሰው ይህን ሁሉ ያያል፦ የተደረደረ ጫማ፣ አጎንብሶ የሚገባ ሰው፣ ሹክሹክታ፣ ውሃ። ለአገሩ ሰው ይህ ሌላ ትርጉም የለውም። ጠበል ፈልቋል።

በሁለት ሳምንቱ ስንመለስ ሰባ የሚሆን ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፏል። ውስጥ ጧፍ በርቷል፤ ጭሱ ጣሪያውን ሸፍኖታል። ሊቀ ዋሻ ጮኹ።

«ውጡ! ጠበል የለም! የወፍ ቤት ነው!»

«ምነው አያ?» አሉ እሜቴ ታየች የተባሉ ባልቴት፣ ጀሪካናቸውን እንዳቀፉ። «ጠበል ካልሆነ ጫማ ምን አስወለቃችሁ?»

ጋሽ አድማሴ ዞረው መግቢያው ላይ የተደረደረውን ጫማ አዩ።

«ወገቤንማ ሸጋ አድርጎልኛል» ብለው እሜቴ ታየች ጨመሩላቸው።

በመጨረሻ ከደብሩ አባ ወልደኢየሱስ ተጠርተው መጡ። ጣሪያውን አዩ፣ ውሃውን አዩ፣ እኛን ረዘም አድርገው አዩን። «ልጆቼ፣ ይህ የድንጋይ ፍሳሽ ነው። ጠበሉ እኛ ደብር አለ፤ እሱም ሰው ናፍቆታል።» ሕዝቡ ጧፉን አጥፍቶ ተከተላቸው።

ወፎቹ ግን ከሰው ቀድመው ሄደዋል። ያን ምሽት የወጣ አንድም አልነበረም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም አልነበረም። ጋሽ አድማሴ ደብተራቸው ላይ ዜሮ ጻፉ። አራት ዓመት የጠበቁትን ቤት በገዛ ትእዛዛቸው አፈረሱት፤ ይህንንም ከማንም በላይ ያውቁታል። ሆን ብዬ ሽቶ ተቀብቼ መጣሁ፤ ምንም አላሉኝም። ስልኬ ጮኸ፤ «አንሣው» አሉኝ። ዝም እንዲሉልኝ ስመኝ የኖርኩ ሰው ዝምታቸው አስፈራኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ የመጣነው እሳቸው፣ የትነበርሽና እኔ ብቻ ነን። ፀሐይ ስትጠልቅ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። አንድ ጥቁር ነገር ከዋሻው ወጥቶ በራሳችን ላይ አለፈ። ሌላ ተከተለው። ከዚያ እየተግተለተሉ ወጡ። የትነበርሽ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ጋሽ አድማሴ በጣታቸው እየጠቆሙ ይቆጥራሉ።

«ስንት አልክ?» አሉኝ ሲያበቃ።

«መቶ ስድሳ አካባቢ።»

ዞረው አፈጠጡብኝ።

«አካባቢ? አካባቢ የሚባል ቁጥር የት ነው የተማርከው? መቶ ስድሳ ሰባት ናቸው! ሰባቱን የት ጣልካቸው? እነሱን እናት አልወለደቻቸውም? ይህን የሚያህል ዓይን ተሸክመህ!»

ከድሮው ግማሽ እንኳ አይሞላም። እሳቸው ግን ሚኒባስ ውስጥ ገብተንም አልበቃቸውም፤ ጎንደር እስክንገባ ወረዱብኝ። እኔም እንባዬን እንዳያዩብኝ ወደ መስኮቱ ዞሬ፣ እንዳይጨርሱ እየፈራሁ አዳመጥኳቸው።