የዶክተሩ ማግኔትና የእትዬ አስካለ ላም

የማግኔት ተመራማሪ ጎረቤት አላችሁ? እኔ እዚሁ አሰላ አንድ ዶክተር አለኝ። ማግኔት የማይፈታው ችግር የለም ባይ ነው፤ ሠርግ ቤት እንኳ ስለ ማግኔት ነው የሚያወራው።

ታዲያ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ላም ሚስማር ውጣ መብላት አቆመች። እትዬ አስካለ ዶክተሩ ዘንድ ሮጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ያ ማግኔትህ ይድረስልኝ!»

«እማማ፣ መጀመሪያ ፕሮፖዛሉ መጽደቅ አለበት።»

ፕሮፖዛል እስኪጸድቅ የሚታገሥ የላም ሆድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ላሚቱ ሳትሞት ትታረድ ተባለ፤ ታረደች። ዶክተሩም ቅርጫ ሊካፈል መጣ። ከጨጓራዋ የወጣውን ሚስማር ሲያይ ከኪሱ ማግኔት መዘዘ፤ ሚስማሩ ልጥፍ አለበት።

«ይሠራል!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ዕንባቸውን ወደሚጠርጉት እትዬ አስካለ ዞረ።

«በአንድ ናሙና መደምደም ግን አይቻልም። ሌላ ላም አለዎት?»