የለካኸውን መልስ!

ሞተር ብስክሌት ላይ የወጣ ድሬሰር፣ በቅሎ ላይ ከወጣ ሹም ይብሳል! ሹሙስ ቢያንስ በቅሎዋ ስትደክም ይወርዳል። እኔ ግን... ቆይ ላጫውታችሁ።

በሃምሳዎቹ መገባደጃ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነበርኩ። ሰከላ ደጋ ላይ ፈንጣጣ ገባ ተባለና ክትባት ይዤ እንድወጣ ታዘዝኩ። «በቅሎ እንፈልግልህ?» ቢሉኝ ሳቅሁባቸው። በሞተር፣ ለዚያውም ብቻዬን!

እስከ ቡሬ መንገዱ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ግን በቅሎ እንኳ ቆም ብላ የምታስብበት ነው። ሞተሩ እያጓራ፣ እኔ እየተንገጫገጭኩ ወጣን። ዶሮው ተበተነ፣ ጥጃው ገመዱን በጠሰ፣ አንድ ቄስ ጥላቸውን ጥለው አማተቡ። እኔ ደግሞ ሰላም ያሉኝ መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩላቸው!

የተራራው አናት ጥቂት ሲቀረኝ ዱላ የያዙ ገበሬዎች መንገዱን ዘጉብኝ። ያን ሰሞን «መሬት ሊለካ፣ ግብር ሊጨመር ነው» የሚል ወሬ አገሩን አስቆጥቶት ነበር። ሽማግሌያቸው አያ ቸኮል ወደ ፊት ወጡ። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ መቸኮል የሚባል ነገር አያውቁም፤ ሞተሩን ዞረው ዞረው ሲያበቁ፣

«ቀያሽ ነህ?» አሉኝ።

«ኧረ የለም አባቴ! ለልጆቻችሁ ክትባት ይዤ ነው።» ሣጥኑን ከፍቼ አሳየኋቸው።

አመኑኝ! ዱላው ሁሉ ወረደ። እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ! አያ ቸኮል መሪው አጠገብ ያለችውን ክብ መስታወት ነካ አደረጉና፣

«ይህችስ ምንድን ናት? ቁጥር አለባት» አሉ።

እኔ ሞኙ፣ ማወቄን ላሳይ ብዬ፣ «ይህችማ ቆጣሪ ናት! ጎማው የረገጠውን መሬት አንድ ሳታስቀር ትለካለች!» አልኳቸው።

የወረደው ዱላ ሁሉ እንደገና ተነሳ።

«መሬት ትለካለች?» አሉ አያ ቸኮል።

«አይ... ማለቴ... መንገዱን እንጂ...»

«መንገዱ ያለው ሰማይ ላይ ነው?»

አንዱ «ሞተሩ ገደል ይግባ!» ሲል፣ ሌላው «ከነጋላቢው!» ብሎ አሟላለት። ደግነቱ አያ ቸኮል እጃቸውን አነሱ።

«የለም፣ ልጆቻችን ክትባቱን ይሻሉ። ግን የለካኸውን መልስ!»

«እንዴት አድርጌ ልመልሰው አባቴ?»

«የኋሊት ሂዳ!»

እናላችሁ፣ የአጥቢያው ወሰን እስከሆነው ወንዝ ድረስ ሞተሩን የኋሊት ወረድኩላችሁ! ፊቴ ወደ ተራራው፣ ጀርባዬ ወደ ገደሉ። አያ ቸኮል ከመስታወቷ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ቁጥሯ እውነትም ወደ ኋላ መቁጠር ስትጀምር፣ «ተፋች! ተፋች!» እያለ አገሩ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። ወንዙ ጋ ስንደርስ መሬታቸው በሙሉ ተመለሰላቸው።

«በል፣ አሁን እንግዳችን ነህ» አሉና ጠላ አስቀዱልኝ። ጠጥቼ ሞተሩን ላስነሳ ስል ግን፣ «ኧረ ወዲያ! እግሩ መሬት እንዳይነካ!» ብለው ጮኹ። ጎረምሶቹ ቃሬዛ አመጡ። ሞተሩን አጋድመው አሰሩት፤ መስታወቷም እንዳታይ ጋቢ አለበሱትና ተሸከሙት። እኔ ሣጥኔን አዝዬ ከኋላ ከኋላ ዳገቱን እንደ አዲስ ተያያዝኩት። ለቀስተኛ መስዬ!

አናቱ ላይ ከወዲያ ማዶ የሚመጡ ሴቶች አገኙን። ቃሬዛውን ሲያዩ አንዷ ሸክሟን ጥላ ደረቷን ደቃች።

«እኔን! እኔን! ማን ነው የሞተው?»

አያ ቸኮል ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም።

«አልሞተም እቴ። የመንግሥት ነው፤ እስኪያልፍ ተሸክመነዋል።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔም ስለ ሞተሩ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ። ቅኔው የገባኝ ልጆቹን ከትቤ ቁልቁል ስወርድ ነው። አያ ቸኮልን ብትጠይቋቸው ግን፣ «ስለ ሞተሩ ነው እንጂ!» ብለው ይምሉላችኋል።