እትዬ ከድጁ መጽሐፍ ሲያዝዙ

በአገራችን ሳይጠየቅ መድኃኒት የማያዝዝ ሰው የለም። ሚኒባስ ውስጥ አንዴ አስነጥስ፤ ሾፌሩ ዳማከሴ፣ ረዳቱ ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር፣ ከኋላ የተቀመጡት እናት ደግሞ ጠበል ያዝዙልሃል። የኛ ቴፒ ከሌላው የምትለየው መጽሐፍ የሚያዝዝ ሰው ስላላት ነው። ክብርት እትዬ ከድጁ ይባላሉ። የሕፃናት ቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ፣ ጸሐፊ፣ ጽዳትና ጥበቃ ናቸው፤ አራቱም ባለሥልጣናት በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

እትዬ ከድጁ እንደ ሰው “እንዴት ነህ?” አይሉም። “ልጅህ ምን እያነበበች ነው?” ነው ሰላምታቸው። ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ያገኙሃል፣ መስጊድ በር ላይ ያገኙሃል፣ ቄራ ደጃፍ ሥጋህን አንጠልጥለህ ስትወጣ ያገኙሃል። ሰርግ ላይ ሙሽራዋን አገላብጠው ስመው “አላህ ልጅ ይስጥሽ፤ እስከዚያው መጽሐፉን ላስቀምጥልሽ” ያሉ ሴት ናቸው። ሙሽራዋ አፍራ አንገቷን ደፋች፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። መጽሐፏ እስከ ዛሬ መደርደሪያ ላይ ጽንሱን ትጠብቃለች።

ሃይማኖታቸው ላይ የሚጨምሯት አንዲት ቀኖና አለቻቸው። “ሳያስቅ የሚያስተምር መጽሐፍ ጨው የሌለው ወጥ ነው፤ ሳያስተምር የሚያስቅ ደግሞ ጨው ብቻ” ይላሉ። ስለዚህ የሚያዝዙት መጽሐፍ ሁለቱንም የያዘ መሆን አለበት። ካልያዘ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ያኖሩታል፤ እዚያ የሚደርሱት ምስጦች ብቻ ናቸው።

የባጃጅ ሾፌሩ ልጅ ኢክሪማ ዛፍ ላይ ያሉ ጉሬዛዎችን በድንጋይ ሲወግር ተያዘ። አባቱ ቀበቶውን ፈታ። እትዬ ከድጁ ደርሰው “ቀበቶህን ታጠቅ፣ ሱሪህ ይወልቃል” አሉትና ለልጁ ስለ ጫካ እንስሳት የሚያወራ መጽሐፍ ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ከተማው ሰላም አጣ። ልጁ የአባቱን ተሳፋሪ ሁሉ እያስቆመ “ጉሬዛ አውራ ጣት እንደሌለው ታውቃላችሁ?” ይል ጀመር። የቴፒ ወንዶች ያን ክረምት በአራት ጣት ብቻ የሻይ ብርጭቆ ለማንሣት ሲሞክሩ ከረሙ። ስንቱ ሱሪው ላይ ደፋ። ድንጋይ መወርወሩን ግን ልጁ ተወ፤ ምክንያቱን ሲጠይቁት “መልሶ መወርወር አይችልማ!” አለ።

አርዋ የምትባል ልጅ ደግሞ የሌሊት ወፍ እየፈራች አልተኛም አለች። የታዘዘላት መጽሐፍ ስለ ሌሊት ወፍ ነበር። አንብባ ስትጨርስ የሌሊት ወፍ ትንኝ ለቃሚ መሆኑን ለቤተሰቡ አብስራ፣ ከጣራቸው ሥር ያሉትን ማንም እንዳይነካቸው ከለከለች። አባቷ መጥቶ “እትዬ፣ ልጄን አዳኑልኝ፤ እኔን ማን ያድነኝ?” እያለ ሲያማርር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። “አንተም ና አንብባት” አሉት።

አገራችን እርጥብ ነው፤ መጽሐፍ ይሻግታል። እትዬ ከድጁ ታዲያ መጻሕፍታቸውን ተሸክመው ወደ ወንድማቸው ወደ አባመጫ ግቢ ይሄዱና ጀንፈል፣ ከነገለባው ያለው ቡና፣ በተሰጣበት ማድረቂያ አልጋ ጫፍ ላይ ገልጠው ያሰጧቸዋል። አንድ ቀን ዝናብ በድንገት ወረደ። ሰው ሁሉ ላስቲክ ይዞ ወደ ቡናው ሲሮጥ እሳቸው መጻሕፍቱን አቅፈው ወደ ቤት ሮጡ፤ የአልጋው አጋማሽ ሳይሸፈን ቀረ።

“ከድጁ፣ የዓመት ልፋቴን አበሰበስሽው!” ብሎ ጮኸ አባመጫ።

“ቡና ከርሞም ያፈራል” አሉ እትዬ፣ ገጹን በሻሻቸው እየጠረጉ። “ይሄን መጽሐፍ የለገሱን ሰዎች ግን ደግመው አይልኩልንም።”

ወንድማቸው ብዙ ጊዜ አኮረፋቸው። መጻሕፍቱ ግን የጀንፈል ሽታ እንደያዙ ቀሩ። የቴፒ ልጅ ሌላ ከተማ ሄዶ መጽሐፍ ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ማሽተት ነው፤ ካልሸተተው ይጠራጠራል።

እኔ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። እትዬ ከድጁ ለልጄ ለትሁት መጽሐፍ ሊያዝዙ ሲመጡ ከጎማዎቹ ኋላ እሸሸግ ነበር፤ ምክንያቱም መጽሐፏን ሰጥተው ብቻ አይሄዱም፣ ከነትንታኔዋ ነው። ባለቤቴ ማናልሞሽ ታዲያ ሆን ብላ “ባስልኤል እዚህ ነው፣ ከጎማው ኋላ” ብላ ታጋልጠኝና እየተንከተከተች ትስቅብኛለች። ማታ ማታ መጽሐፏን ለትሁት የምታነብላት እሷ ነበረች። የዶሮውንም የዝሆኑንም ድምፅ እያወጣች ስታነብ እኔም ከወዲያኛው ክፍል ጆሮዬን እጥላለሁ።

ማናልሞሽ ሐምሌ ላይ ጅማ ለሕክምና ሄዳ ሳትመለስ ቀረች። ሞተች ማለቴ ነው።

ዘመድ ተሰብስቦ ተመካከረ። በእኛ ወግ መርዶ ለትልቅ ሰውም በጥንቃቄ ነው የሚነገረው፤ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው አጠገቡ ተቀምጦ። ለልጅ ግን ጭራሽ አይነገርም። “ልጅ መርዶ አይሰማም፤ ሲያድግ ራሱ ይገባዋል” አለች የባለቤቴ ታላቅ እህት ንጋቷ፤ ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ያን ጊዜ የሚናገር አፍ አልነበረኝም። ትሁትን ማሻ ከተማ ዘመድ ቤት ወሰዷት። እኛ አስከሬኑን አምጥተን ቀበርን፣ ድንኳን ጥለን አለቀስን። ድንኳኑ ሲነሣ ልጅቷ ተመለሰች። “እማዬስ?” ስትል “ጅማ ናት፤ ሕክምናዋን ስትጨርስ ትመጣለች” ተባለች።

ቤታችን ከዚያ ወዲህ ቲያትር ቤት ሆነ። ንጋቷ ጥቁር ልብሷን ጎረቤት አውልቃ ባለ አበባ ቀሚስ ለብሳ ትገባለች። ጎረቤቱ እኔን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፣ ልጄን ሲያይ ይስቃል። ትሁት አንድ ቀን ጢሜን እየነካካች “ለምን አሳደግከው?” አለችኝ። “ምላጭ ጠፍቶ ነው” አልኳት። በማግስቱ ከሱቅ ምላጭ ገዝታልኝ መጣች። ተላጨሁ። ለሚስቴ ያሳደግኩትን የሐዘን ጢም ልጄ ፊት ቆሜ፣ እየሣቅኩ ተላጨሁት።

መስከረም ሲገባ እትዬ ከድጁ ሱቄ መጡ። ከጎማዎቹ ኋላ ልሸሸግ ስል እጃቸውን አየሁ። ባዶ ነበር። እሳቸውን ባዶ እጃቸውን አይቻቸው አላውቅም።

“ልጅህ መጽሐፍ ጠየቀችኝ” አሉ።

“ታዲያ ይስጧታ፣ እትዬ።”

“ለእሷ አይደለም። ‘ለታመመ ሰው የሚሆን፣ የሚያስቅ መጽሐፍ አለ? እማዬ ስትመጣ ላነብላት ነው’ አለችኝ።” ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ። “ወላሂ ምላሴ ታሰረ፣ ባስልኤል። እኔ ቀብሯ ላይ ቆሜ የመጣሁ ሰው፣ ያችን ልጅ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ምን ልስጣት?”

“ልነግራት በየቀኑ አስባለሁ” አልኳቸው። “አፌ እምቢ ይለኛል። እትዬ፣ እርስዎ ለሁሉም አለዎት። ይህን ነገር ለልጅ የሚናገር መጽሐፍ ይዘዙልኝ። ዛሬ እኔው ነኝ የምለምንዎት።”

“አንዲት አለችኝ” አሉ። “ቅጠል እንዴት እንደሚረግፍ የምትተርክ ናት። ሥዕሏም ያምራል። ግን ልጅህ ስለ ቅጠል አልጠየቀችኝም። የእናት ነገር ከአባት አፍ ነው የሚሰማው።”

“ንጋቷስ? ዘመድስ?”

“ዘመዱን ለኔ ተወው። ቤት ውስጥ ካቃተህ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ይዘሃት ና።”

ቅዳሜ ስንደርስ ቤተ መጻሕፍቱ በልጆች ጢም ብሏል። እትዬ ከድጁ በዕድሜያቸው አድርገው የማያውቁትን አደረጉ፤ እያነበቡ ያሉ ልጆችን “ውጡ” አሏቸው። ልጆቹ ግር ብሏቸው ወደ በረንዳው ወጡ። እሳቸውም ጀርባቸውን ሰጥተውን በሩ ላይ ቆሙ። ትሁት ግን መጽሐፏን መርጣ ጨርሳ ነበር። ዶሮ ለምን ከፍ ብላ መብረር እንዳቃታት የሚተርክ ነው። ጉልበቷ ላይ አድርጋ “አባዬ፣ ይቺን እማዬ ትወዳታለች?” አለችኝ።

አጠገቧ፣ ከዚያች ትንሽ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አፌን ስከፍት ዝናቡ መጣ። የቴፒን ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሆኖ ያልሰማ ሰው አይገባውም። ቀስ ብዬ፣ ልክ ቀስ ካልኩ የሚቀልላት ይመስል፣ “እማዬ ሞታለች” አልኳት።

“ምን አልክ? አልሰማሁህም” አለች።

ያን ቃል አንዴ ለማውጣት ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ደግሜ፣ ያውም ጮኼ ማለት ነበረብኝ። “እማዬ ሞታለች፣ ልጄ! አትመጣም!” በረንዳው ላይ የነበረው ጫጫታ ቀጥ አለ።

ትሁት አላለቀሰችም። መጽሐፏን ዘጋችው። “ሰው አለቀሰላት?” አለች።

“አዎ። ብዙ ሰው።”

“ድንኳን ነበር?”

“ነበር።”

“እኔ የት ነበርኩ?”

“ማሻ።”

ፊቷ ተለዋወጠ። “ሁላችሁ ስታለቅሱላት እኔ ማሻ ገመድ እየዘለልኩ ነበር” አለች። “ልጇ እኮ እኔ ነኝ።”

እትዬ ከድጁ ከበሩ ተመለሱ። ጫማቸውን አወለቁና ልጆች ተኝተው ሥዕል የሚያዩበት ምንጣፍ ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ። “ያለፈው የትልልቆቹ ለቅሶ ነው” አሏት። “የአንቺ ዛሬ ነው። ነይ፣ ተቀመጪ። አልቅሺላት።” ትሁት ሄዳ ጎናቸው ተቀመጠች፤ ከዚያ ዝናቡ እንኳ ሊሸፍነው ያልቻለ ለቅሶ አለቀሰች። እኔም በእነዚያ ወራት ሁሉ ያፈንኩት ወጣ። ስሸሻቸው የኖርኩትን ሴት ያን ሰዓት እንደ እናቴ ወደድኳቸው፤ ይህን ሳልሸፍን እጽፈዋለሁ።

በረንዳው ላይ የነበሩት ልጆች ማንም ሳይጠራቸው መግባት ጀመሩ። ጭቃ የጠጣ ጫማቸውን በሩ ላይ እየተዉ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ትልልቆች ድንኳን ውስጥ ሲያደርጉ እንዳዩት እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አንድም አልተንሾካሾከም። መደርደሪያውን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ዝናቡ ጋብ እስኪል እንዲያ ሆነን ቆየን።

ሊሄዱ ሲነሡ እንደ ለቅሶ ወጉ ተሰልፈው በፊቷ አለፉ። ገና አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ ጎንበስ ብላ “እግዚአብሔር ያጽናሽ” አለቻት። ቀጣዩ “አላህ ያጽናሽ” አላት። ትሁት አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ለእያንዳንዳቸው “አሜን” ትላለች። መጨረሻ ላይ የነበረችው ልጅ ወደ በሩ ከሄደች በኋላ ቆም ብላ አሰበችና ተመልሳ እኔ ፊት መጣች። “እርስዎንም ያጽናዎት” አለችኝ።

ራሴን ብቻ ነቀነቅኩላት። ልጄ እጄን ያዘችኝ።

“አሜን ይባላል እኮ፣ አባዬ” አለችኝ።