መስኮቱን ለታደገው እብነ በረድ

አንባቢ ሆይ፣ ታሪክ ለመጠበቅ ባለ ስንት ኪሎ መዶሻ ያስፈልጋል ይላሉ? አያውቁም። አሜሪካ ያለው የስኮትዴሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ግን ያውቃል፤ ለዚሁ ጉዳይ የታሪክ ጥበቃ ኮሚቴ አቋቁሟልና።

የማኅበሩ አዳራሽ ድሮ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ነበር። ባቡሩ ሲቀር ጎማ ቤት ሆነ፤ ቀጥሎም አበባ መሸጫ። ጎማ ሻጩ የመኪና ቁልፍ፣ አበባ ሻጯ የሙሽራ እቅፍ በአሮጌው የትኬት መስኮት እያቀበሉ ኖሩ እንጂ አልነኩትም። ኮሚቴ ስላልነበራቸው ይሆናል። ከተማው ሕንፃውን ለማኅበሩ በነፃ ሲሰጥ ያሳሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መስኮቱ ከተነካ አዳራሹን ትለቃላችሁ።

ነርሷ ርብቃ እሑድ እሑድ እዚያ ልጆችን ፊደል ታስቆጥራለች። ሌላ ቦታ የላትም። ፊደሉን በትክክል የጠራ በመስኮቱ ትኬት ተቀብሎ "ይሳፈራል"፤ የተሳሳተ ጣቢያው ላይ ይቀራል።

ኮሚቴው የመስኮቱን መጠበቅ በእብነ በረድ ለማብሰር በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ጽሑፉ መጀመሪያ አጭር ነበር። ምክትል ሊቀ መንበሩ ግን ስማቸው ወደ ታች በመውረዱ አኩርፈው ወጡ። ሽማግሌ ተልኮ "ክቡር" የሚል ተጨመረላቸው። ይህን ያየ አባል ሁሉ አኮረፈ። በየኩርፊያው አንድ ማዕረግ፣ በየማዕረጉ አንድ ስንዝር እየተጨመረ ድንጋዩ በር አከለ።

"የት ሊሰቀል ነው?" አለች ርብቃ።

ሊቀ መንበሩ አቶ አምባቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ግድግዳውን በሙሉ ሜዠር አድርገነዋል። የሚበቃው የመስኮቱ ቦታ ብቻ ነው።"

"መስኮቱስ ጋሼ?"

"ይደፈናላ!"

"የምንጠብቀው እሱን አይደል እንዴ?"

"አንቺ ልጅ፣ መስኮት ዝም ብሎ ቀዳዳ ነው። ድንጋይ ግን ይናገራል። ደሞ የክብር እንግዳዋ መጋረጃውን ሲገልጡ ለካሜራ መመቸት አለበት።"

"ከተማው ምን የሚል ይመስልዎታል?"

"ያጨበጭባል!"

እውነትም የክብር እንግዳዋ የከተማው ሹም መጋረጃውን ገልጠው አጨበጨቡ። ከዚያ ግራ ቀኙን ቃኙ።

"መስኮቱ የታል?"

"ከድንጋዩ ኋላ!" አሉ አቶ አምባቸው በኩራት። "ከእንግዲህ ማንም አይነካውም።"

ባለፈው እሑድ ርብቃ ያስተማረችው ፓርኪንግ ላይ ነው። አዳራሹን ከተማው ቆልፎታል። ልጆቹ በበሩ መስታወት አሻግረው ድንጋዩን ፊደል በፊደል አነበቡት፦ "ይህን የትኬት መስኮት ከጥፋት ለታደጉት ክቡር ሊቀ መንበር አምባቸው..." ማዕረጉ ሳያልቅ ዝናብ መጣና በየመኪናው ተበተኑ።

ክቡር ሆይ! የቱን መስኮት ነው የታደጉት? በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ፣ በልጆቹ ፊት፣ ማይክ ይዘው ይመልሱ። አኩርፎ መውጣት አይፈቀድም።